ስለ ቤተ ክርስቲያን ዕድገትና ስለ አጥሯ

በደቡብ ቆላ ባሉት ከተሞቻችን፥ ይኸውም በነገሌ ቦረና፥ በያቤሎ፥ በሜጋ ወይም በሞያሌ፥ አንድን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ «ቤተ ክርስቲያናችሁ እንዴት ነች?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው፥ ሳያመነቱ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ አድጋለች» ይሏችኋል። ማደጓ በምን እንደ ታወቀ ደግማችሁ ብትጠይቁ ግን የሚቈጥሩላችሁ ነገር አስቀድሞ የታወቀ ነው። የጭቃው ግድግዳ በብሎኬት ተተክቷል፤ ቆርቆሮው ተለውጧል፤ ሁለት የነበረው ሞንታርቦ ስድስት ሆኗል፤ መዘምራኑ አንድ ዓይነት ልብስ አሰፍተዋል፤ ግቢውም በግንብ ታጥሮ በግንቡ ላይ የተሰባበረ ጠርሙስ ተተክሎበታል። ከዚህ በኋላ ባለፈው ዓመት የተጠመቁትን ሰዎች ቍጥር ይነግሯችኋል። ከአጥሩ ውጭ ስላለው ሰው ግን፥ ስለ ጎረቤቱ፥ ስለ ከብት ነጂው፥ በበሩ አጠገብ ጀሪካን ደርድራ ቦቴ ስለምትጠብቀው ሴት፥ አንድ ቃል አይወጣቸውም።

እኔ የምከራከረው ይህን አቈጣጠር ነው። ግንብ ክፉ ነው አልልም፤ በሚያፈስ ቤት መጸለይም በራሱ ጽድቅ አይደለም። ነገር ግን ዕድገት ማለት ይህ ነው ብለን ለልጆቻችን ያስተማርን እንደ ሆነ፥ ልጆቻችን ቤተ ክርስቲያንን የሚያውቋት በአጥሯ ይሆናል እንጂ በፍሬዋ አይሆንም። ወጣቶች ሆይ፥ ይህን የምጽፈው ይልቁንም ለእናንተ ነው። ሽማግሌዎቹ በለመዱት መንገድ ዘመናቸውን ይጨርሳሉ፤ ነገ ቍልፉንና ሒሳቡን የምትረከቡት እናንተ ናችሁ።

ለዚህ ለእኔ አቤቱታ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ቤተ ክርስቲያን የተጠራችው ለነፍስ ነው፤ ውሃና እህል፥ ትምህርትና ሕክምና የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅት ሥራ ነው» ይላሉ። ነገሩ ሲሰሙት መንፈሳዊ ይመስላል። ስንፍናን የሚሸፍን ቃል መንፈሳዊ መስሎ መታየቱም የቈየ ልማድ ነው።

ክርክሩ ግን አዲስ አይደለም። በጥር ወር 1951 ዓ.ም. የተቋቋመችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፥ በ1964 ዓ.ም. በውጭ አገር ላሉት ረጂ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ደብዳቤ ጻፈች፤ ጕዳዩም የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት ስላላቸው ዝምድና ነበር። በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው ክስ ዛሬ እኛ ከምንሰማው የተገላቢጦሽ ነው። የምዕራብ አገር ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ገንዘብ ሲጠየቁ በፍጥነት ይሰጡ ነበር፤ ለስብከትና ለአገልጋዮች ማሠልጠኛ ሲጠየቁ ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱም ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ አትክፈሉብን፥ የሰው ሕይወት አንድ ነውና አገልግሎቱም አንድ ይሁን የሚል መልስ ሰጠቻቸው። ከድኻ አገር የወጣ፥ ለባለጸጋ የተጻፈ፥ ነገር ግን የልመና ቃል የሌለበት ደብዳቤ ነው።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ፈረንጁ የሥጋውን ድርሻ ወስዶ የነፍሱን ተወ። ዛሬ ደግሞ እኛው ራሳችን የነፍሱን ወስደን የሥጋውን ተውን። ቢላዋው ግን ያው ነው፤ የተቈረጠውም ያው ሰው ነው። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ተይዘው ከተወሰዱ በኋላ ተገደሉ፤ ዐፅማቸው የተገኘው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለ ወዲያኛው ዓለም ብቻ የሚናገር ሰው ለአምባገነን ምን ያስፈራዋል? ያስፈራው ሙሉ ሰው የሚለው ትምህርታቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያም በፊት ቢሆን ወንጌሉ ወደነዚህ አገሮች የመጣው ለሁለት ተከፍሎ አልነበረም። የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን በ1940ዎቹ ወደ ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሲገባ ስብከቱን ከሕክምናውና ከትምህርቱ አልለየም፤ የይርጋ ዓለምና የጊዶሌ ሆስፒታሎች ለዚህ ምስክሮች ናቸው። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና ውለታውን አልክድም። ሆኖም በየአገሩ የነበረ የሚሲዮን ግቢ ሁሉ እንከን አልነበረበትም ብዬ አልዋሽም። በብዙ ስፍራ ግቢው ለብቻው የቆመ አገር ይመስል ነበር፤ ውስጡ ዛፍ፥ ቧንቧና ደወል፥ ውጭው አቧራ። ፈረንጁ ሲሄድ ሁለት ነገር ትቶልን ሄደ፤ ሥራውንና አጥሩን። እኛም ሥራውን ከባድ ነው ብለን ተውንና አጥሩን ወረስን።

አሁን የቤተ ክርስቲያን ዕድገት ምን መምሰል እንዳለበት ለማስረዳት ወደ ሩቅ አገር አልሄድም። ከነገሌ በስተ ምዕራብ ወደ ቦረና ሜዳ ወርዳችሁ ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ ኤላዎች ተመልከቱ። ቦረናዎች ቱላ ሰግላን፥ ማለት ዘጠኙ ቱላ ይሏቸዋል። ጥልቀቱ እስከ 30 ሜትር የሚደርስ አለ። ከብቱ ተቈፍሮ በተበጀ ሰፊ ቍልቍለት እስከ ገንዳው ድረስ ይወርዳል። ከገንዳው በታች ግን ጎልማሶች በመሰላል ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው፥ ቀድሞ ከቆዳ ይሠራ የነበረውን ዛሬ ግን ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ የሆነውን ኦኮሌ እየተቀባበሉ፥ እያዜሙ ውሃውን ያወጣሉ። ዜማው ጌጥ አይደለም። እጅና እጅ ጊዜውን ስቶ ኦኮሌው እንዳይወድቅ የሚጠብቀው እርሱ ነው። (መዘምራኖቻችን አንድ ቀን ወርደው ቢያዩት እወድ ነበር፤ ልብስ ሳያሰፉ።)

የሥርዓቱ ነገር ደግሞ ከዜማው ይበልጣል። ጕድጓዱን አስቀድሞ የቈፈረው ሰው ዘር አባ ኮንፊ ይባላል፤ የጕድጓዱ አባት እንደ ማለት ነው። ነገር ግን አባ ኮንፊ ውሃውን አይሸጥም፤ ብቻውንም አያዝበትም። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ በጉባኤ ይወሰናል፤ ተራውን የሚያስጠብቀው ሰው አባ ሄሬጋ ይባላል። ኤላው ሲደፈን ወይም ሲናድ ከብቱን የሚያጠጣ ሁሉ ወጥቶ ይጠርጋል። መንገደኛ ለሚጠጣው ውሃ ዘርህ ከየት ነው ተብሎ አይከለከልም። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ደግሞ ወገኖቹ ከየከብታቸው አዋጥተው እንደገና ያቋቍሙታል፤ ይህም ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። እንዲህ ያለውን ሕግ ያቆየው የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገባ፤ የውጭው ዓለም ያከበረውን ከኛ ወገን አንዳንዱ ሰባኪ ገና «የአረማዊ ልማድ» እያለ ይንቀዋል። አረማዊ የተባለው ሰው ውሃውን ለማያውቀው መንገደኛ ሲያጠጣ፥ ክርስቲያን የተባለው ቧንቧውን በቍልፍ ዘግቶ ስለ ሕይወት ውሃ ይሰብካል። ከሁለቱ ለመጽሐፉ የሚቀርበው የትኛው እንደ ሆነ ለእናንተ ፍርድ እተወዋለሁ።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም የጕድጓድ መጽሐፍ ነው። ይስሐቅ በጌራራ ሸለቆ ሲቈፍር የአገሩ እረኞች ተጣሉት፤ ጕድጓዶቹን ዔሤቅና ስጥና ብሎ ሰይሞ ለጠበኞቹ ተወላቸው፥ ሌላም ቈፈረ፥ ጠብ የሌለበትን ሦስተኛውን ርኆቦት አለው። ጌታችንም ከሳምራዊቷ ሴት ጋር በተገናኘ ጊዜ መጀመሪያ የሰጣት ነገር የለም፤ ውሃ ለመናት። ወገን ካልሆነች ሴት እጅ ለመጠጣት ያላፈረ መምህር ነው። እኛ ግን ከጎረቤታችን ከሙስሊሙም፥ ከዋቄፈታውም፥ ከኦርቶዶክሱም የምንማረው ነገር ያለ አይመስለንም፤ ሁልጊዜ ሰጪ፥ ሁልጊዜ ተናጋሪ መሆን እንወዳለን።

ነገሌ የተዘጋ ጕድጓድ ምን እንደሚያመጣ በታሪኳ ታውቀዋለች። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚች ከተማ የሰፈረው ጦር ያመፀው በምግቡና በውሃው ነው። የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ መኰንኖቹ ከራሳቸው ጕድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ነገሩን እንዲመለከቱ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው እነርሱ የሚበሉትንና የሚጠጡትን አቀመሷቸው። ከዚያ በኋላ አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ ዓመት ሳይሞላም ዘውዱ ወደቀ። የአብዮቱ ምክንያት ብዙ መሆኑን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያዎቹ ጩኸቶች አንዱ የተሰማው አንዱ ሲጠጣ ሌላው ቆሞ በሚያይበት ጕድጓድ አጠገብ ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ልምጣ። በ2013 ዓ.ም. ቦረናዎች ሐጋያ የሚሉት የመከር ዝናም ቀረ። በበልጉም ቀረ። እንዲህ እያለ እስከ 2015 ዓ.ም. ሐጋያ ድረስ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ከሸፉ። ከብቱ አለቀ። የብዙ ከብት ጌታ የነበረ አባት ከዘጠኙ ቱላ አንዱ ባለበት በዱብሉቅ በላስቲክ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ስንዴ እስኪሰፈርለት ጠበቀ። በዚያን ጊዜ ያልራሩ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ ብል እዋሻለሁ፤ ብዙዎቹ አዋጥተዋል፥ ጭነው ሄደዋል። ነገር ግን የርኅራኄውን አሠራር እየተዘዋወርሁ ሳየው ሁለት ነገሮች አሳዘኑኝ።

አንደኛው፥ የአባል መዝገብ ነው። በአንድ ከተማ የዱቄት ጆንያ ሲታደል ቆሜ አይቻለሁ፤ አዳዩ በእጁ የያዘው የቤተ ክርስቲያኑን የአባላት ዝርዝር ነበር። ሻሽ የተከናነበች አንዲት እናት ከሰልፉ ተጠርታ ወጣችና «አንቺ ከኛ አይደለሽም» ተባለች። ሴትየዋ አልተከራከረችም፤ የልጅዋን እጅ ይዛ ሄደች። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ በዱቄት ነፍስን ማጥመድ ነው። እህሉ ከመሰፈሩ በፊት ስብከት፥ ከስብከቱ በኋላ «የሚወስን እጁን ያንሣ»፥ እጅ ካነሣው ጋር ፎቶግራፍ፥ ፎቶግራፉም ለረጂው። ባዶ ሆድ ያነሣውን እጅ እምነት ብሎ የሚቈጥር ሰው እግዚአብሔርንም ተራቢውንም ይሰድባል። በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው። በዓመቱ ዝናም ሲዘንብ ያ እጅ ለምን አልተመለሰም ብለው የሚገረሙ ሰባክያን አሉ፤ እኔ የምገረመው በመገረማቸው ነው።

ይህን በተመለከተ ከጠላት አንድ ምስክርነት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ361 እስከ 363 በሮም የነገሠው ከሓዲው ዩልያኖስ የጣዖትን አምልኮ ለመመለስ ሲደክም፥ ለአንድ የጣዖት ካህን በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖቹ የራሳቸውን ድኾች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ድኾች ይመግባሉ፥ ለእኛም ኀፍረት ነው እያለ ያማርራል። በዚያ ዘመን የጠላት አቤቱታ ይህ ነበር። ጥቂት ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ369 ግድም በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ረኀብ ሲገባ፥ ዛሬ ባገራችን በስሙ ቅዳሴ የሚቀደስለት ባስልዮስ ባለጸጎቹን ጎተራቸውን እንዲከፍቱ በስብከት ወቀሳቸው፤ ኋላም ከከተማዋ ዳር ለድኾች፥ ለሕሙማንና ለመንገደኞች ታላቅ ማረፊያ ሠራ። መቼም ባስልዮስን መንፈሳዊነት ይጐድለዋል የሚል ሰው አይገኝም።

ቍጥር ዕድገት አለመሆኑን የሚያስረዳ ከሁሉ የከፋ ማስረጃ ግን ቅርባችን ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በሁለቱም ወገን የወንጌል አማኞች ብዙ ናቸው። አንድ መዝሙር የሚዘምሩ፥ አንድ ዓይነት መጽሐፍ በብብታቸው የሚይዙ ጎረቤቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት በራቸውን ከፍተው ተፈናቃይ አስጠልለዋል፥ ይህንን በክብር አነሣዋለሁ። ሆኖም ያን ያህል ዘመን ስንሰብክ፥ ያን ያህል ሕዝብ ስናጠምቅ፥ በአማኙ ልብ ውስጥ ከጎሣው ስም የጠለቀ ነገር ለምን አልተከልንም? ይህን ጥያቄ የየቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ በዕለት መርሐ ግብሩ አስይዞ ሊወያይበት ይገባ ነበር። እኔ በተቀመጥሁባቸው ጉባኤዎች ግን የተያዘው የድምፅ ማጉያ ግዢ ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች ደም ሲፈስ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል የአባቶች ሥርዓት አላቸው፤ ሽማግሌዎቻቸው ለዕርቅ ሲቀመጡ አንዳንድ ሰባኪ «ከዚህ ልማድ ራቁ» ብሎ ምእመኑን አስቀረ። ልማዱ ውስጥ ሕሊናው የማይቀበለው ነገር ካለ ያን ለይቶ ይናገር፤ ዕርቁን ግን በምን ተክቶ ነው የሚያስቀረው?

«እንግዲህ ጸሎቱን ትተን አካፋ እንያዝ ነው የምትለው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። እንዲያውም የኔ ክስ መንፈሳዊነታችን በዛ የሚል ሳይሆን ጥልቀት አጣ የሚል ነው። ጥልቀት የሌለው ጕድጓድ በድርቅ ጊዜ አስቀድሞ የሚደርቅ ነው፤ ቱላ ግን የሚፈለገው በዚያን ጊዜ ነው። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ተዘግቶ ሕንፃዎቹ ሲወረሱ፥ አማኞቹ ሞንታርቦም ግንብም አልነበራቸውም። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው፥ መስኮት ዘግተው፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጽሐፉን አነበቡ፤ የታሰረባቸውን ሰው ቤተ ሰብ መገቡ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ከተዘጉበት ጊዜ ይልቅ እጅግ በዝተው ወጡ። ዛሬ መስኮቱ ተከፍቷል፤ ነገር ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ወንጌል አንብቦ የጨረሰ ወጣት በአንድ ጉባኤ ውስጥ ስንት ይገኛል? በንባቡ ፈንታ ከሩቅ ከተማ የሚመጣ «ነቢይ» አለን፤ ሦስት ቀን ይጮኻል፥ ስለ ቪዛና ስለ ትዳር ይተነብያል፥ የሆቴሉና የመኪናው ወጪ ተከፍሎለት ይሄዳል። ለእርሱ የወጣው ገንዘብ ለአንድ ዓመት የማታ ትምህርት መምህር ይቀጥር ነበር።

ቋንቋውንም ሳላነሣ አላልፍም። በነገሌ ገበያ ኦሮምኛ፥ ሶማሊኛና አማርኛ ይሰማል። በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ የነበረው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎ አሁንም በአንዳንድ የከተማ ቤተ ክርስቲያን ከብት አርቢው በኋላ ወንበር ተቀምጦ የማይገባውን ስብከት ያዳምጣል፤ ወይም ስብከቱ ይተረጐምለትና ሽማግሌ በሚመረጥበት፥ ገንዘብ በሚቈጠርበት ስብሰባ ግን ቋንቋው ይረሳል። (ይህን በአማርኛ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የተማርሁበትና ያስተማርሁበት ቋንቋ ስለ ሆነ ነው። ከእናንተ አንዱ ቢተረጕመው ደስ ይለኛል።)

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ፤ ነቀፌታ ብቻውን ቀላል ነውና። ዐርባ ዓመት ያህል ጥቍር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው በሒሳብ ቢጀምር ይቅር ትሉታላችሁ። የአንድ መካከለኛ ቤተ ክርስቲያን ጣራ 300 ካሬ ሜትር ይሁን። በዚህ ጣራ ላይ በአንድ ሌሊት 10 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢዘንብ 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን 150 ይሞላል ማለት ነው። ጥቂቱ ይባክናል እንበልና 120 ይሁን። ይህ ውሃ ዛሬ በብዙዎቹ ጣራዎቻችን ላይ ወርዶ የግንቡን መሠረት እየቦረቦረ ወደ መንገድ ይሄዳል። አሸንዳና ሮቶ የስድስት ሞንታርቦ ዋጋ አያወጡም። ውሃው ሲጠራቀም ደግሞ ተራውን የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ ይመረጥ፤ ከምእመናኑ ወገን መሆንም የለበትም። የጀሪካኑ ሰልፍ በአጥሩ ውስጥ ይሁን፥ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ።

ሁለተኛ፥ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶውን የሚውል አዳራሽ አለን። በ2015 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። ይህ ቍጥር ከወጣ በኋላ አንድ አዳራሽ ማታ ማታ ተቈልፎ ማደሩ እኔን እንደ መምህር ያሳፍረኛል። አባቶቻችን ያላቸው ከእኛ ያነሰ ሆኖ ሳለ፥ መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራች ድምፅ የሚባለውን የፊደል ዘመቻ ጀምራ በየገጠሩ ማንበብን አስተማረች። እናንተ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የወጣችሁ፥ ለክረምትም ወደ ቤት የምትመለሱ፥ በሳምንት ሁለት ማታ ሒሳብና እንግሊዝኛ ለማስረዳት የምን ፈቃድ ትጠብቃላችሁ? ተማሪው መስጊድ የሚሄድ ቢሆን አልጀብራው አይለወጥም።

ስለ እድር፥ ስለ ሕሙማን ጥየቃና ስለ እስረኞች ብዙ መናገር አያሻኝም፤ ታውቁታላችሁ፥ እናቶቻችሁ ሳይሰበክላቸው ያደርጉታል።

የሒሳቡ ነገር ግን ይቀራል። የቦረና ሰው ጕድጓድ ሲጠረግ ማን እንደ ወጣ፥ ማን እንደ ቀረ በጉባኤ ፊት ይናገራል። እኛ ዘንድ የመባው፥ የአሥራቱና የእርዳታው ገንዘብ የሚታወቀው በሦስት ሰዎች መካከል ነው፤ ለምእመኑ በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ድምሩ ብቻ በችኮላ ይነበብለታል። እኔ የምለው፥ በየሦስት ወሩ የገባውና የወጣው በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሰሌዳውም በአዳራሹ ውስጥ ሳይሆን በግቢው በር ላይ፥ ወደ መንገዱ ፊቱን መልሶ ይሰቀል። ይህን አሳብ ባቀረብሁበት ስፍራ አንድ ሽማግሌ ተቈጥተው «የእኛን ሒሳብ ለባለ ሱቁ ለሙስሊሙ ማሳየት ምን ይባላል? ምን አገባው?» አሉኝ። እኔም በድርቁ ዓመታት ለረጂዎች የተላከውን የልመና ደብዳቤ እንዲያነቡት አሳየኋቸው። በደብዳቤው ውስጥ «የተራበው ያካባቢያችን ሕዝብ» ተብሎ የተቈጠረው ሁሉም ነበር፤ ባለ ሱቁ፥ ዘመዶቹ፥ ከብታቸው ያለቀባቸው የገጠር ሰዎች። በስማቸው ተለምኗል፤ ስለዚህ ያገባቸዋል።